በአንድ ሹራብ ውስጥ 900 ኪሎ ሜትር

300 ግራም የሚመዝን ስስ የሜሪኖ ሱፍ ሹራብ ታጥፎ በአንድ እጅ ይያዛል። የተሠራባቸው ጸጉሮች አንድ በአንድ ተፈትተው ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ግን ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ከሰበታ ተነሥቶ በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹራቡ ወደቡ ድረስ ከሄደ በኋላ፣ ፊቱን አዙሮ ወደ መሀል አገር 150 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጸጉር ይተርፈዋል።

ነገሩ ተረት ይመስላል እንጂ ስሌቱ በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ነው። የጥሩ ሜሪኖ ጸጉር ውፍረት 18 ማይክሮን ነው እንበል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሱፍ ክብደት ደግሞ 1.31 ግራም ነው። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የአንድ ግራም ሱፍ ርዝመት ይወጣል፤ 3 ኪሎ ሜትር። አንዷ ጸጉር ከበጉ ላይ ስትሸለት 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን፣ በሹራቡ ውስጥ 12 ሚሊዮን ጸጉሮች አሉ ማለት ነው። እያንዳንዷ ሁለት ጫፍ ስላላት 24 ሚሊዮን ጫፎች ይሆናሉ። አንባቢ ከሁሉም በላይ ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል። ሱፍ ለምን እንደሚኮሰኩስ፣ በክርኑና በብብቱ በኩልም ለምን ትንንሽ ድብልብል እንደሚያወጣ የምንረዳው በእሱ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያበቅለው በግ ራሱ የሚያስደንቅ ፍጡር ነው። በሰው ራስ ላይ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 200 ገደማ ጸጉሮች ይበቅላሉ፤ በሜሪኖ በግ ቆዳ ላይ በዚያው ስፋት ከ5,000 በላይ ይበቅላሉ። አንድ በግ በዓመት 2.5 ኪሎ ንጹሕ ሱፍ ቢሰጥ (ቅባቱ፣ ላቡና አቧራው ታጥቦ ከወጣ በኋላ ማለቴ ነው፤ ሲሸለት ከዚህ በጣም ይከብዳል) የጸጉሩ ጠቅላላ ርዝመት 7,500 ኪሎ ሜትር ነው። ለቀን ሲካፈል ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለደቂቃ ሲካፈል 14 ሜትር ይሆናል። በጉ ሲግጥም፣ ሲያመሰኳም፣ ተኝቶም በየደቂቃው 14 ሜትር ያበቅላል። እያንዳንዷ ጸጉር ለብቻዋ በቀን የምታድገው የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ድምሩን ግዙፍ ያደረገው ብዛታቸው ነው። የስድስት በጎች የአንድ ዓመት ሱፍ ተቀጣጥሎ ምድርን በወገቧ ዞሮ ይተርፋል።

ሜሪኖ ጸጉሩን በራሱ አያራግፍም። ካልሸለቱት ማደጉን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ አቅራቢያ ከመንጋው ተለይቶ ለዓመታት ሲባዝን የኖረ አንድ በግ ተገኝቶ ሲሸለት፣ ከላዩ የወረደው ጸጉር ከ40 ኪሎ በላይ መዘነ። እንስሳው መራመድ ተስኖት ነበር። ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት እየመረጠ ያራባው በግ ያለ ሰው መኖር የማይችል ሆኗል፤ መሸለት ለእሱ ጭካኔ ሳይሆን እፎይታ ነው።

የዚህ ዝርያ አገሩ ስፔን ነበር፤ የስፔን መንግሥትም ለረጅም ዘመን በጎቹ በሕይወት ከአገር እንዳይወጡ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1765 ንጉሡ ለጀርመኑ የሳክሶኒ ገዥ ቤት በጎች ሰጠ፤ በ1797 ጥቂቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኩል አውስትራሊያ ገቡ። ዛሬ ለልብስ ከሚውለው ቀጭን ሱፍ አብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ዘር ነው። በዓለም ላይ ከ1.2 ቢሊዮን በላይ በጎች አሉ። ሆኖም ዓለም በየዓመቱ ለጨርቅ ከሚያመርተው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ሱፍ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የተቀረው በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ፖሊስተርና ጥጥ ነው። ከዚያ 1 በመቶ ውስጥም ቆዳ ላይ የሚለበሰው ቀጭኑ ከፊሉ ብቻ ነው።

"ሱፍ ይኮሰኩሰኛል" የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም አለርጂ አለብኝ ብለው ሱፍን እስከነጭራሹ ይተዉታል። ነገሩ ግን በአብዛኛው የውፍረት ጉዳይ ነው። ከጨርቁ ወጣ ያለች የጸጉር ጫፍ ቆዳ ስትነካ ሁለት ዕድል አላት፤ ወይ ትታጠፋለች ወይ ትወጋለች። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ለክተውት ነበር። አንዲት ጫፍ ሳትታጠፍ 75 ሚሊ ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር መሸከም ከቻለች፣ ከቆዳ ሥር ያለውን የስሜት ነርቭ ትቀሰቅሳለች። ከዚያ በፊት ከታጠፈች ለባሹ ምንም አይሰማውም።

እዚህ ላይ የሚገርም ሒሳብ አለ። የአንድ ጸጉር ያለመታጠፍ ኃይል የሚያድገው ከውፍረቱ እኩል አይደለም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሁለት በሁለት፣ በሁለት፣ በሁለት ይባዛል፤ 16 እጥፍ ይሆናል። 15 ማይክሮን የሆነች ጸጉርና 30 ማይክሮን የሆነች ጸጉር ለዓይን አይለዩም፤ ሁለቱም ከሰው የራስ ጸጉር ይቀጥናሉ። ሁለተኛዋ ግን ቆዳን የምትገፋው በ16 እጥፍ ኃይል ነው። ከ20 ወደ 30 ማይክሮን ስንሄድ እንኳ ኃይሉ አምስት እጥፍ ይሆናል። ከጸጉሮቹ ውስጥ 5 በመቶ ያህሉ ከ30 ማይክሮን ካለፉ ብዙ ሰው መኮስኮስ ይጀምረዋል። ስለዚህ አማካይ ውፍረቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ከ24 ሚሊዮን ጫፎች መካከል የሚያስቸግሩት ጥቂቶቹ ወፍራሞች ናቸው። አንዱ ሹራብ ስላሳከከዎ በሱፍ ሁሉ ላይ አይፍረዱ፤ ምናልባት ሁለትና ሦስት ማይክሮን ቀጠን ያለ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ከነመኖሩም ይረሱት ነበር።

ሸካራ ሱፍ ግን የማይረባ ሱፍ አይደለም። የመንዝ ደገኛ ከበጎቹ ጸጉር ባናና ዝተት፣ በርኖስም እየሠራ ብርዱን ሲመክት የኖረ ሰው ነው። በርኖስ በነጠላና በጋቢ ላይ የሚደረብ እንጂ ቆዳ የሚነካ ልብስ አይደለም፤ ከእሱ የሚፈለገው ነፋስና ካፊያ መከላከል፣ ዓመታት መቆየት ነው። ለዚህ ወፍራም ጸጉር ከቀጭኑ ይሻላል። ያው 16 እጥፍ ጥንካሬ፣ አንገት ላይ ሲሆን የሚያሳክከው፣ ትከሻ ላይ በተደረበ ካባ ውስጥ ጨርቁ እንዳይልፈሰፈስ የሚያደርገው ነው። የእኛ አገር ባለሙያዎች ለቦታው የሚስማማውን ጸጉር ለቦታው አውለዋል፤ ይህ ዕውቀት ከሚሰጠው ክብር በላይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሙሉ ልብስ የገዛ ሰው በኮቱ ውስጠኛ ኪስ አጠገብ "ሱፐር 100"፣ "ሱፐር 120"፣ አንዳንዴም "ሱፐር 150" የሚል ምልክት ሳያይ አይቀርም። ቁጥሩ የመጣው ከእንግሊዟ የሱፍ ከተማ ከብራድፎርድ ነው። እዚያ የድሮ ፈታዮች አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 453 ግራም የተበጠረ ሱፍ፣ እያንዳንዳቸው 512 ሜትር የሆኑ ስንት ጥቅል ክሮች እንደሚወጡት ይቆጥሩ ነበር። መቶ ጥቅል የሚወጣው ሱፍ 100 ተባለ። ያ ማለት ከግማሽ ኪሎ ከማይሞላ ሱፍ 51 ኪሎ ሜትር የተፈተለ ክር ማለት ነው። ዛሬ ቁጥሩ የሚወሰነው በማይክሮን ነው፦ ሱፐር 100 ቢበዛ 18.75፣ ሱፐር 120 ቢበዛ 17.75፣ ሱፐር 150 ቢበዛ 16.25፣ ሱፐር 200 ቢበዛ 13.75። ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ጸጉሩ የሚቀጥነው በ5 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን በዚያ ልክ አይወሰንም።

ቁጥሩ ከፍ ያለ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት ስሕተት ነው። ጸጉር የሚበጠስበት ኃይል ከመስቀለኛ ስፋቱ ጋር ይሄዳል፤ በዚህ ስሌት የሱፐር 200 ጸጉር የሱፐር 100ን ግማሽ ያህል ብቻ ይችላል። ለሠርግና ለበዓል የሚወጣ ልብስ ቢሆን ግድ የለም። በየቀኑ ታክሲ ውስጥ የሚገባ፣ ወንበር ላይ የሚታሽ ሱሪ ግን ከሱፐር 100 ወይም ከ120 ባያልፍ ይሻላል። ሻጭ ከዚያ በላይ ሲያቀርብልዎ ዕድሜውንም ይጠይቁት።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ሱፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው። ምልክቱ የተቀደደ፣ ስሙ የጠፋ፣ ግን ሲዳስሱት እጅ ላይ የሚሞቅ ሹራብ ወይም ካፖርት ይገኛል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከውስጥ ስፌቱ በኩል የተረፈች አንዲት ክር መዘዝ አድርጎ ጫፏን በክብሪት መለኮስ ነው። ሱፍ ከሆነ እሳቱ ቶሎ አይቀበለውም፤ ይንጨረጨራል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ክብሪቱ ሲነሣ ራሱ ይጠፋል። የቀረውን ጥቁር አመድ በሁለት ጣት ሲያሹት ይደቅቃል። አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድም በጣት የማይደቅ ጠንካራ ጠጠር ያስቀራል። እርግጥ ሻጩን ሳያስፈቅዱ አይሞከርም።

አሁን ወደ እጥበት እንምጣ፤ ብዙ ሰው ሱፍ የሚያጣው እዚህ ነውና። እያንዳንዷ የሱፍ ጸጉር ላይዋ ልሙጥ አይደለም። ከሥሯ ወደ ጫፏ ያዘነበሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ ቅርፊቶች አሏት። የአንዱ ቅርፊት ጠርዝ ከፍታ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። በአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ 100 ያህል የቅርፊት እርከኖች አሉ። ይህን በሹራቡ 900 ኪሎ ሜትር ብናባዛው 90 ቢሊዮን እርከኖች ይወጣሉ። በምድር ላይ ካሉት ሰዎች አሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ በአንድ ሹራብ ውስጥ።

እነዚህ ጠርዞች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዩ ጸጉሯ ወደ ሥሯ በኩል ስትገፋ በቀላሉ ትሄዳለች፤ ወደ ጫፏ በኩል መመለስ ግን ጠርዞቹ ይከለክሏታል። ሹራቡ ደረቅ ሆኖ ሲለበስ ጸጉሮቹ ብዙ ስለማይንቀሳቀሱ ችግር የለም። ሙቅ ውሃ ሲገባበት ጸጉሮቹ ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፤ ሳሙናው ያንሸራትታቸዋል። ከዚያ ሲታሽ እያንዳንዷ ጸጉር በእያንዳንዱ እሽታ ጥቂት ወደፊት ትሄዳለች፣ አትመለስም። 12 ሚሊዮን ጸጉሮች እንዲህ እየተሳቡ እርስ በርስ ሲተበተቡ ጨርቁ ይወፍራል፣ ይጠባል። የትኛውም ማሽን መልሶ ሊፈታው አይችልም።

ቁመቱና ስፋቱ 20 በመቶ የተሰበሰበ ሹራብ በሚዛን ላይ ቢቀመጥ ክብደቱ ያው 300 ግራም ነው። ምንም አልጎደለበትም። ያ ሁሉ 900 ኪሎ ሜትር ግን አሁን የታጨቀው በቀድሞው ስፋት 64 በመቶ ውስጥ ነው፤ 0.8 በ0.8 ሲባዛ የሚሰጠው እሱን ነውና። የሦስት ቁጥር ልዩነት ያለው ልብስ ሆኗል፤ ለአባት የተገዛ ለልጅ ይሆናል። አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን የሚያውቁት በማድረቂያ ማሽን ነው፤ ሙቀትና መንገላታት አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ስለሆነ፣ እርጥብ ሱፍ ለአንድ ዙር ከገባበት ይበቃዋል።

ታዲያ እንዴት ይታጠብ? ሳፋ ውስጥ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ ውሃ ይሞላል፤ እጅ ሲገባበት ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማው ውሃ ማለት ነው። ጥቂት የሱፍ ሳሙና ወይም ተራ የጸጉር ሻምፖ በውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ሱፍም ጸጉር ነውና ለጸጉር የተሠራ ነገር አይጎዳውም። ሹራቡ ተገልብጦ ይገባና በመዳፍ ቀስ ተብሎ ወደ ታች ይጫናል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይጫናል። ማሸት የለም፣ መፈተግ የለም። አሥር ደቂቃ ቢቆይ ይበቃል። የሚለቀለቅበት ውሃ ከመጀመሪያው እኩል ሙቀት ቢኖረው መልካም ነው። ሲወጣ ከሥር በሁለት እጅ ተደግፎ ይነሣል እንጂ በትከሻው ተይዞ አይሳብም። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ከፎጣው ጋር ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉ በክርን ሲጫን ውሃው ወደ ፎጣው ይሄዳል። በመጨረሻ በሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ እጅጌውና ወገቡ በእጅ ተስተካክሎ፣ ከፀሐይ ራቅ ብሎ ይደርቃል። ገመድ ላይ አይሰጣም።

ገመድ ላይ የማይሰጣበት ምክንያትም ቁጥር አለው። ሱፍ ከደረቅ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ውሃ በጸጉሮቹ ውስጥ መያዝ ይችላል፤ ለ300 ግራም ሹራብ 100 ግራም ገደማ ነው። ይህ በጸጉሮቹ መካከል የሚንጠለጠለውን ሳይጨምር ነው፤ እሱ ሲታከልበት ውሃው ከሹራቡ ክብደት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰዓት እርጥብ ጸጉር ከደረቁ ይደክማል፣ በቀላሉም ይለጠጣል። ጭነቱ ሲበዛ ተሸካሚው ደከመ ማለት ነው። የተሰቀለ ሹራብ በማግስቱ ጉልበት ድረስ ወርዶ ቢገኝ አያስገርምም።

ያው ውሃ የመያዝ ችሎታ ሱፍን ሞቃት የሚያደርገውም ነው። እንፋሎት በጸጉሩ ውስጥ ሲገባ ሙቀት ይለቃል፤ ለእያንዳንዱ ግራም እርጥበት ከ2,400 ጁል በላይ። አንድ ሰው ከደረቅ ቤት ወጥቶ ጭጋግ ውስጥ ሲገባ ሹራቡ 10 ግራም እርጥበት ከአየሩ ቢጠጣ፣ የሚለቀው ሙቀት አንድ ሲኒ ውሃ አዲስ አበባ ላይ ለማፍላት ይበቃል። ሙቀቱ የሚወጣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሆነ ለባሹ የሚሰማው፣ ብርዱ እንደጠበቀው ቶሎ አለመምጣቱ ብቻ ነው። ሹራቡ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ደግሞ ያንን ሙቀት መልሶ ይወስዳል። ይህን በራሱ፣ ያለ ባትሪና ያለ ማሽን የሚሠራ ልብስ ሌላ ምን አለ?

በረኪና በሱፍ አጠገብ እንዳይደርስ። ሱፍ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በረኪና ጥጥን ያነጣል፣ ሱፍን ግን ያሟሟዋል። ጨርቁ አስቀድሞ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይበሳሳል። እድፍ እንዲያስለቅቁ ኢንዛይም የተጨመረባቸው የዱቄት ሳሙናዎችም የሚፈጩት ፕሮቲን ነው፤ ደም ወይም እንቁላል ከጥጥ ሸሚዝ ላይ ሲያነሡ ያስመሰግናሉ፣ ሱፍ ላይ ሲያርፉ ግን ጸጉሩን ራሱን ይመገባሉ።

ደግነቱ ሱፍ ብዙ መታጠብ አይፈልግም። ላብን በውስጡ ስለሚይዝና ጠረንን ቶሎ ስለማያወጣ፣ ለብሰው ሲመለሱ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማሳደር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሙሉ ልብስም አንድ ቀን ተለብሶ አንድ ቀን ቢያርፍ የተጨማደደው ጉልበትና ክርን በራሱ ይመለሳል፤ ጸጉሩ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይገባልና። ካውያ ካስፈለገ በእርጥብ ስስ ጨርቅ ላይ ይሁን። ድብልብሎቹ ሲወጡ አይደንግጡ፤ ከ24 ሚሊዮኑ ጫፎች መካከል አጫጭሮቹ ተስበው ወጥተው የተጠቀለሉ ናቸው። በጣት አይነቀሉ፤ የተያያዘውን ሌላ ጸጉር ይዘው ይወጣሉ። በመላጫ ወይም በትንሽ መቀስ ከሥራቸው ይቆረጡ። ከጥቂት እጥበት በኋላ የላሉት ጫፎች ስለሚያልቁ ይቀንሳሉ።

የመጨረሻው ጠላት ብል ነው። ሌሊት በመብራት ዙሪያ የሚሽከረከረው ትልቁ የእሳት ራት አይደለም፤ የልብሱ ብል ትንሽ፣ ወርቃማ፣ ከብርሃን የሚሸሽ ነው። የሚበርረው ደግሞ ምንም አይበላም፤ ለመብላት የሚሆን አፍ የለውም። ልብስ የሚበሳው እጩ ነው። አንዷ እንስት 40 እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች፤ አንዱ እንቁላል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። እጩ እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በጣም የሚወደውም ላብና የምግብ ፍንጣሪ ያለበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ለክረምት የሚቀመጥ ሱፍ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በተዘጋ ከረጢት ይቀመጥ። ናፍታሊን የለመደ ቤት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሕፃን ባለበት ቤት አልመክረውም፣ እንፋሎቱ ለጨቅላዎች ደም አደገኛ ነውና። ብል ከገባበት ሹራቡን በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል። ሲወጣ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈትም፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፣ ጤዛው ከላስቲኩ ውጭ እንዲቀር።